ዕቅድ ቁጥር አራት

እህተማርያም የክበቡን ዓመታዊ ሪፖርት ጽፋ ለመጨረስ የቀራት ከሰንጠረዡ አንድ ሳጥን ብቻ ነበር። ያቺን ሳጥን ግን ከሐሙስ ጀምሮ ስትከፍታትና ስትዘጋት እሑድ ደረሰባት፤ ስብሰባው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሪፖርቱ ሰባት ገጽ ነው። ለሠላሳ አንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች ሰባት ገጽ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ካለ ጋሽ ቦጋለን አያውቃቸውም። ጋሽ ቦጋለ የክበቡ ሊቀ መንበር ናቸው። አገር ቤት ሳሉ በወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተዋል። ሚኒሶታ ከገቡ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሞላቸውም፣ ቀን ቀን ሽማግሌና አሮጊት እያጠቡ ቢውሉም፣ ያ ጽሕፈት ቤት ከውስጣቸው አልወጣም። እሳቸው ዘንድ ሪፖርት ማለት ዕቅድ፣ ክንውን፣ ያጋጠሙ ችግሮች፣ የተወሰዱ መፍትሔዎችና የወደፊት አቅጣጫ ያሉት ነው። ከነዚህ አንዷ ከጎደለች ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው፣ «ይኼ ወሬ ነው፤ ሪፖርት አይደለም» ይላሉ።

ስለዚህ ጸሐፊዋ እህተማርያም ሁሉንም በየሳጥኑ ሞላችው። ዕቅድ ቁጥር አንድ፣ የአባላትን ቁጥር ከአሥራ ዘጠኝ ወደ ሃያ አምስት ማሳደግ፤ ሠላሳ አንድ ደርሷል፤ ተፈጽሟል። ዕቅድ ቁጥር ሁለት፣ ሁለት ተጨማሪ ጠረጴዛዎች ማግኘት፤ አንድ ትምህርት ቤት ሊጥላቸው የነበሩትን ከአባላቱ አንዷ ኢብሲቱ በባሏ ትራክ ጭና አምጥታለች፤ ተፈጽሟል። ዕቅድ ቁጥር ሦስት፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሴቶች ልምምድ መጀመር፤ ባሎች ልጅ አንይዝም ካሉባቸው ሁለት ማክሰኞዎች በስተቀር ተፈጽሟል። ዕቅድ ቁጥር አራት፣ በግንቦት ወር ዱሉዝ በሚደረገው ውድድር ክበቡን ወክለው በድብልቅ ጥንድ የሚሰለፉ አንድ ወንድና አንድ ሴት ማብቃት፤ አልተፈጸመም።

ከጎኑ «ምክንያት» የሚል ባዶ ሳጥን አለ።

እውነቱን ብትጽፍማ ነገሩ አጭር ነበር። ወንዱ ተጫዋች ሐጌ ይባላል። ሴቷ እኔ ነኝ። በጥር ወር ሽማግሌ ላከብኝ፤ ከዚያ ወዲህ ዞሮ አላየኝም። ጋሽ ቦጋለ ይህንንም ወሬ ይሉት ይሆናል። እሷም «በተጫዋቾች ዝግጁነት ማነስ» ብላ ሦስት ቃል ጻፈችና ኮምፒውተሩን ከደነችው።

ሐጌ የክበቡ አሠልጣኝ ነው። በአምስት ዓመቱ ከኬንያ የስደተኞች ካምፕ መጥቶ ፊሊፕስ ሰፈር ያደገ፣ አሁን የኩላሊት ሕመምተኞችን በቫን ከቤታቸው ወደ ሕክምና የሚያመላልስ የሠላሳ አራት ዓመት ሰው ነው። አማርኛውን የተማረው ከእናቱና ከመጋቢ አባቱ ስብከት ስለሆነ ሲቆጣ እንኳ የሚጸልይ ይመስላል። የእሷ አባት አቶ እንግዳ ደግሞ የደብራቸው የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። የሐጌና የእህተማርያም ስም ሲጠራ ብቻ ማን ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደመጣ የማያውቅ ሐበሻ ክበቡ ባለበት በሆፕኪንስ ከተማ አይገኝም። ኳስ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ በር አይገቡም ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪም ተንቀሳቀሺ ብሏት ወደ ክበቡ በመጣች በመጀመሪያው ቀን፣ የመታቻት ኳስ የጠረጴዛውን ጠርዝ ነክታ ወደ ወለሉ ወረደችና ነጥብ ሆነችላት። እህተማርያም ደስ ብሏት ዘለለች። እሱ ፈገግ አለና፣ «እንዲህ ሲሆን እጅ ይነሣል፤ በዕድል ነው ያገኘሁት፣ ይቅርታ ማለት ነው» አላት።

«ከዚያ ነጥቡን እመልሳለሁ?»

«አይ፣ ነጥቡ አይመለስም። እጅ ማንሣት ብቻ ነው።»

በጥንድ ጨዋታ ሁለቱ የሚመቱት በየተራ ነው። አንደኛው መትቶ ቶሎ ገለል ካላለ ሌላኛው ቦታ አያገኝም። ሁለት ዓመት እንዲህ እየተገላለሉና እየተመላለሱ፣ ሳይነካኩ፣ አንዱ የሌላውን እርምጃ ሳያየው ማወቅ ጀመረ። ሌላው ቀርቶ የራኬቷ እጀታ ሲላላ ሳትነግረው ጠምጥሞ ያስቀምጥላት ነበር። ኢብሲቱ፣ «እናንተ ኳስ ነው የምትጫወቱት ወይስ ትዳር ነው የምትጠያየቁት?» እያለች አዳራሹን ሁሉ ታስቅባቸዋለች። እነሱም ይስቁና ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ኳስ ለመልቀም ይጎነበሳሉ።

በጥር ሐጌ ጋሽ ቦጋለን መሪ አድርጎ ሦስት ሽማግሌ ላከ። አቶ እንግዳ በክብር ተቀበሏቸው፤ አበሏቸው፤ ከዚያም የሚባለውን አሉ። «እንመካከርበት። ጾምም ሊገባ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ።» ሽማግሌዎቹ መርቀው ወጡ። አባትየው ያን ዕለት ማታውኑ ልጃቸውን አስቀምጠው ጠየቋት። ትፈልጊዋለሽ? እፈልገዋለሁ አለች።  አቶ እንግዳም፣ «እኔ ለራሴ ከብዶኛል። ግን ተመልሶ ከመጣ እምቢ አልልም። አንቺ እንዳትነግሪው፤ ቃል ግቢልኝ። ከልቡ የፈለገ መሆኑን እግሩን አይቼ ልወቅ» አሏት። ቃል ገባች።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ጥበቃ ነው። ሐጌ ከየካቲት ጀምሮ እሑድ መምጣቱን ትቶ ረቡዕና ሐሙስ ሕፃናትን ማሠልጠን ያዘ። ለእሷ የጻፈላት ብቸኛ ደብዳቤም ለእሷ አልነበረም፤ «ለክበቡ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ» ይላል። «በግል ምክንያት ከድብልቅ ጥንድ ጨዋታ ራሴን ማግለሌን በአክብሮት እገልጻለሁ።» ጸሐፊ ናትና ደብዳቤውን ተቀብላ ቁጥር ሰጥታ ፋይል አደረገችው። ከዚያ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ካለው የሥራ ቦታዋ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሆና አለቀሰች።

ፋሲካ መጣ፤ ሄደ። በነሐሴ ከዴንቨር የአለልኝ ሽማግሌዎች መጡ። አለልኝ ሚስቱ የሞተችበት፣ የስምንት ዓመት ሴት ልጅ ያለችው፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ደግ ሰው ነው፤ የምታማበት ነገር ብታገኝ ኖሮ ነገሩ ይቀላት ነበር። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። በሦስተኛው እሺ አለች። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው፤ ከዚያ ዴንቨር ትገባለች።

በቦርሳዋ የልጅቷ ደብዳቤ አለ። ፋና ፊደል መማር የጀመረችው ለእሷ ለመጻፍ ብላ ነው። በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ግማሹ ፊደል ወደ ኋላ የዞረ። «እጠብቅሻለሁ» ይላል።

እህተማርያም ኮምፒውተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ደብዳቤው ጣቷን ነካው። ዛሬ የመጨረሻዋ ስብሰባ ነው። ሐጌ ሊመጣ ይችላል፤ ላይመጣም ይችላል። የትኛው እንደሚሻላት ራሷን ጠየቀችና መልሱን ስታውቀው አፈረች።

*

ሆፕኪንስ ያለው አዳራሽ ሲሞላ ውጭ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ መውረድ ጀምሮ ነበር። አምስቱ ጠረጴዛዎች ታጥፈው ግድግዳ ተደግፈዋል። ሕፃናቱ ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ ይጨቃጨቃሉ። ከወንበሩ ኋላ ፒዛና ሳምቡሳ ተደርድሯል፤ ጋሽ ቦጋለ አጀንዳው ሳያልቅ ማንም እንዳይነካ አዘዋል።

ሐጌ መጥቷል። በመጨረሻው ረድፍ፣ የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ ተቀምጧል። ዘጠኝ ወር ሙሉ እሑድ ቀን አይታው አታውቅም። ከስቷል። ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤ ቶሎ ወደ በረዶው መለሰው።

እህተማርያም የታተመውን ሪፖርት ማንበብ ጀመረች። ቁጥር አንድ ሲነበብ ተጨበጨበ። ቁጥር ሁለት ላይ ኢብሲቱ ከመቀመጫዋ ተነሥታ እጅ ነሣች። ቁጥር ሦስት ላይ ባሎች አጉረመረሙ። እህተማርያም ቁጥር አራትን ያለ ትንፋሽ አነበበችና ወደ አምስት ልትሻገር ስትል ጋሽ ቦጋለ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆይ፣ ቆይ። አልተፈጸመም ካልን ምክንያቱ ይነበብ እንጂ።»

«በተጫዋቾች ዝግጁነት ማነስ» አለች።

«ጥሩ። ምክንያቱ ላይ አስተያየት ያለው?»

ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። «ይስተካከል፣ ጋሼ» አለ ሐጌ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አዳራሹ ግን ሰማው። «በተጫዋቾች አይባልም። ሴቷ ዝግጁ ነበረች። በወንዱ ተጫዋች ተብሎ ይጻፍ።»

 ሽማግሌ መላኩን የማያውቅ፣ አለልኝንም ያልሰማ ማንም የለም። እህተማርያም እስክሪብቶዋን አንሥታ እንደተባለችው «በወንዱ ተጫዋች» ብላ አረመች።  ኢብሲቱ ነገሩን አይታ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ሻይ እንጠጣ፤ ፒዛው ድንጋይ ሆነ» አለችና ጋሽ ቦጋለ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አጀንዳ ሳያልቅ ዕረፍት ሰጡ።

የታጠፉት ጠረጴዛዎች አጠገብ አገኘችው። ወይም አገኛት።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«እውነት ስለሆነ።»

«እውነት መናገር ከቻልክ ደብዳቤህ ላይ ትጽፈው ነበር። በግል ምክንያት አይደል ያልከው? ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ያደረግሁት እኔ ነኝ ሐጌ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ታዲያ? አባትሽ እምቢ ካሉኝ በኋላ አጠገብሽ ቆሜ ኳስ ልመታ? አንቺን ማስቸገር ነው። ቤተሰብሽን ሪስፔክት አድርጌ ዞር አልኩ።»

እህተማርያም ያላየችውን ደረጃ የረገጠች ያህል ሆነች። «አባዬ እምቢ ያለህ መቼ ነው?»

«በጥር ነዋ። ጋሽ ቦጋለ ሲመለሱ።»

«ምን አሉህ? ያሉህን ቃል ንገረኝ።»

ለማስታወስ አላሰበም፤ ለዘጠኝ ወር ሲደጋግመው የኖረ ቃል ነው። «እንመካከርበት፣ ከፋሲካ በኋላ ብቅ በሉ ብለዋል አሉኝ።»

«እሺ?»

«እሺ ምን? ስንት ጊዜ ኢንተርቪው አድርጌያለሁ እኮ። እንደውልልሃለን ሲሉ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። እኛ ጋ ደግሞ መጋቢው ልጅቷን ይጠይቃል፤ አዎ ካለች አዎ ነው፣ አይ ካለች አይ። በዚያው ቀን ያልቃል። እንመካከር የሚባለው እንዳይከፋህ ብለው ነው።» ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። «አይደለም እንዴ?»

 ጋሽ ቦጋለ ሳምቡሳ ይዘው ሲያልፉ ክንዳቸውን ያዘች።

«ጋሼ፣ አባዬ ያን ቀን እምቢ ብሎ ነበር?»

«ማን? እንግዳ?» ሳቅ አሉ። «ምን እምቢ ይላል። ከፋሲካ በኋላ ኑ ነው ያለው። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? ልጄን ውሰዱልኝ ሊል ነው?»

«ታዲያ ለምን አልሄዳችሁም?»

«ላኪው ሳይል?» ወደ ሐጌ ዞሩ። «ሽማግሌ በገዛ እግሩ ተነሥቶ ይሄዳል እንዴ? ፋሲካ ሲያልፍ ይጠራናል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ዝም አለ። አባቱ መጋቢ ናቸው፤ ከለከሉት ይሆናል አልኩ። በሰው ቤት ጉዳይ እንዴት እገባለሁ...»  የአንዱን ፊት አዩ፤ የሌላኛዋን አዩ። ሳምቡሳውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጡት። ላልተፈጸመ ነገር ሁሉ ምክንያት የሚጠይቁት ሰውዬ ይህንን አንድ ነገር ሳይጠይቁ ዓመቱን ጨርሰውታል። «ልጆቼ» ብቻ አሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

«ማንም አልነገረኝም» አለ ሐጌ።

«እኔ መንገር አልችልም ነበር። አባዬ ቃል አስገብቶኛል። እግሩን ልየው አለ።» አሁን እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም። «ከፋሲካ በኋላ ያሉትን እሑዶች ሁሉ አባዬ ከቅዳሴ ሲመለስ ሱፉን አያወልቅም ነበር። ሳሎን ቁጭ ይላል። እናቴ፣ ልብስህን ቀይር፣ ምሳ ብላ ስትለው፣ ቆይ ትንሽ፣ ሰው ሊመጣ ይችላል ይላል። እስከ ሐምሌ። አንተን ያን ያህል ጠብቆሃል።»

ሐጌ እጁን ግንባሩ ላይ አደረገ።  ሕመምተኛ ሲያወርድና ሲያወጣ የጠነከሩት ትከሻዎቹ አንድ ጊዜ ሲንቀጠቀጡ አየች። ልትይዛቸው ፈለገች። በሕይወቷ አንድን ነገር እንዲህ ፈልጋ አታውቅም።

«ነገ እልካለሁ» አለ። «ዛሬ። ጋሽ ቦጋለ እዚሁ ናቸው። ሦስት ጊዜ ከሆነ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ይሄዳሉ። አባትሽ እግር ስር እኔ ራሴ እወድቃለሁ። ከነጫማዬ በረዶው ላይ እቆማለሁ እህተ፤ በፈለጉት ቤተ ክርስቲያን ይሁን። እወድሻለሁ። መጀመሪያ ይኼን መናገር ነበረብኝ። አንቺስ ትወጂኛለሽ?»

«እወድሃለሁ» አለች። መዋሸት አልቻለችም።

በዚህ መሐል ስልኳ ጠራ። እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ይጠራል። አታነሣውም ነበር፤ ግን ካላነሣችው ማን መስኮት ላይ ሆኖ እንደሚደውል ታውቃለች። አነሣችው።

«እህተ?» የፋና ድምፅ ቀጭን ነው፤ ከስልኩ ወጥቶ ለሐጌም ይሰማል። አማርኛና እንግሊዝኛውን ቀላቅላ ትሮጣለች። እስከ «ቀ» ድረስ ጨርሳለች። ቲቸሯ ሥዕሏን ግድግዳ ላይ ሰቅላላታለች። ከዚያ ድንገት ድምፅዋ ቀነሰ። «ለሠርጉ ጠጉሬን ማን ነው የሚሠራኝ? ዳዲ ትራይ አደረገ፤ አይችልም።»

«እኔ እሠራሻለሁ።»

«አንቺ ብራይድ ነሽ። ቢዚ ትሆኛለሽ።»

«በጠዋት ተነሥቼ መጀመሪያ ያንቺን እሠራለሁ።»

«ፕሮሚስ?»

እህተማርያም ሐጌን አየችው። እሱም ያያት ነበር። 

«ፕሮሚስ» አለች።

ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ስትከት ሐጌ ቀስ ብሎ ጠየቃት። «ስንት ዓመቷ ነው?»

«ስምንት።»

«እናቷ?»

«ከሞተች ሁለት ዓመት ሆናት።» ደብዳቤውን አውጥታ አሳየችው። አንዱን መስመር ረጅም ጊዜ ወስዶ አነበበው፤ ወደ ኋላ የዞሩትን ፊደላት በጣቱ ተከተላቸው። «ትልቅ ሰው ቢሆን እሺ ነበር» አለች። «አለልኝን ነግሬው፣ አዝኖ፣ ተናዶ ያልፍለታል። እሷ ግን የምትጠብቀው ሰው ሳይመጣ ሲቀር አንድ ጊዜ አይታዋለች። እናቷ ሆስፒታል ስትገባ ትመለሳለች ተብላ ነበር። መጠበቅ ምን እንደሚያደርግ እኔ አውቀዋለሁ ሐጌ። ካንተ ተማርኩት። ለስምንት ዓመት ልጅ አላስተምርም።»

ሊከራከር የነበረው ሁሉ ፊቱ ላይ መጣና ሄደ። ደብዳቤውን በቀድሞ እጥፋቱ መሥመር አጥፎ፣ ጫፉን ከጫፉ አስተካክሎ መለሰላት። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። እንዲህ ተጠንቅቆ ማጠፉ ገደላት።

*

የወደፊት አቅጣጫው ሲነበብ የእህተማርያም ድምፅ ደረቅ ነበር። በመጪው ዓመት ክበቡ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ውስጥ ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ያፈላልጋል። ለአረጋውያን የረቡዕ ጠዋት ፕሮግራም ይከፍታል። ሕፃናቱን በዕድሜ ለሁለት ይከፍላል። አንድ አይነት ማሊያ ያሠራል፤ በቀለሙ ላይ ሃያ ደቂቃ ተከራክረው አረንጓዴ ይሁን ተባለ። ሰዎቹ ስለሚመጣው ዓመት ሲያወሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። በዚያ ዓመት ውስጥ እሷ የለችም። እሱ ግን በአረንጓዴ ማሊያ ሲቆም ታያት፤ በቀኙ ማንም ሳይኖር።

ጋሽ ቦጋለ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዛሬ ያረጁ ይመስላሉ። «አንድ ነገር ቀርቷል። ዕቅድ ቁጥር አራት። ያልተፈጸመ ዕቅድ ወይ ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፣ ወይ ይሰረዛል። ሥርዓቱ ነው።» ይህን ሲሉ ማንንም አላዩም።

«ይተላለፍ» አለች ኢብሲቱ ወዲያው። በዕረፍቱ ሰዓት ጆሮዋ ሥራ ፈትቶ አልዋለም። «ዴንቨር ጨረቃ ላይ አይደለም። ሁለት ሰዓት በረራ ነው። ተጫዋቾቹ እንደሆኑ አሉ። ለምን ይሰረዛል?»

«ይተላለፍ» አለ ሌላ ሰው። «አዎ፣ ይተላለፍ» አለ ሦስተኛው። አዳራሹ ሞቅ አለ። ሁሉም ስለ ኳስ የሚያወራ መስሎ ሁሉም እያወቀ፣ ሠላሳ ሰው በአንድ ልብ ሊይዛት ይሞክር ነበር።  አንዲት ቃል ብቻ ነው የምትፈለገው። ይተላለፍ ካለች፣ ነገ ጠዋት ጋሽ ቦጋለ ሱፍ ለብሰው በአባቷ በር እንደሚቆሙ ታውቃለች። አባቷም ይከፍታሉ።

የመጨረሻውን ረድፍ አየች። ሐጌ አልተነቃነቀም። አይለምናትም፤ አይገፋትም። በጥንድ ጨዋታ መትቶ ገለል እንደሚል ገለል ብሎላታል። ተራው የእሷ ነው።

«ይሰረዝ» አለች።

ኢብሲቱ፣ «እህተ...» ብላ ጀመረችና ተወችው።

ጋሽ ቦጋለ እስክሪብቶአቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ዘጉ። «ጸሐፊዋ ይሰረዝ የሚል ሐሳብ አቅርባለች። የሚደግፍ እጁን ያንሣ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ቆጣሪዋም ራስሽ ነሽ፣ ልጄ።»

ተነሥታ ቆመች። መጀመሪያ የራሷን እጅ አነሣችና አንድ አለች። ማንም አልተከተላትም። ከዚያ ከፊት አንድ እናት፣ ከዚያ ሁለት ወንዶች፣ ከዚያ አንድ በአንድ፣ እየከበዳቸው። ኢብሲቱ እያለቀሰች አነሣች። ጋሽ ቦጋለ አነሡ። እህተማርያም በረድፍ በረድፍ ቆጠረች። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሠላሳ።

ሐጌ ተነሥቶ ቆመ። በዓይኗ ለመነችው፤ እንዲያነሣ ይሁን እንዳያነሣ ራሷም አላወቀችም። እሱ ቀኝ እጁን፣ መዳፉን ከፈት አድርጎ፣ እስከ ትከሻው ብቻ አነሣ። ድምፅ የሚሰጥ ሰው እጁን እንደዚያ አያነሣም። እንደዚያ የሚነሣው ኳሷ ጠርዝ ነክታ ስትወርድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያስተማራት እጅ ነው፤ ነጥቡ የማይመለስበት እጅ።

«ሠላሳ አንድ» አለች።

ተቀምጣ በቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ» ብላ ጻፈች፤ ጽሑፏ ቀጥ ያለ ነበር። ቀና ስትል እጁን ገና አላወረደውም። እሷም በጠረጴዛው ጫፍ፣ ከወረቀቶቹ በላይ፣ እሱ ብቻ በሚያያት ልክ፣ መዳፏን ከፈት አድርጋ አነሣችለት፤ እስኪያወርደውም ድረስ አላወረደችም።